የብረት ምሶሶው ፈተና፦ የኤግዞቲክ ፖል ዳንስ የብቃት ደረጃዎች በፊዚክስ ዓይን

በልጅነቱ ዛፍ ላይ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ያስታውሳል። ግንዱን በባዶ ክንድና በባዶ እግር ሲያቅፉት ይይዛል፤ በሹራብ እጅጌ ሲያቅፉት ግን ያንሸራትታል። ያን ጊዜ ስሙን ሳናውቅ የተዋወቅነው ኃይል ሰበቃ ነው። አሁን ደግሞ በሻካራው ግንድ ፋንታ 45 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ልሙጥ የብረት ምሶሶ እናስብ፤ የሚወጣበትም ሰው ተረከዙ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ታኮ ጫማ ይጫማ፤ ሙዚቃ ይከፈት፤ ዳኞችም ፊት ለፊት ይቀመጡ። ኤግዞቲክ ፖል ዳንስ በመባል የሚታወቀው ውድድር ይህን ይመስላል።

በዚህ ውድድር ተሳታፊዎች ሁሉ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ስያሜው ከውድድር ውድድር ቢለያይም አብዛኛውን ጊዜ ጀማሪ፣ አማተር፣ ከፊል ፕሮፌሽናልና ፕሮፌሽናል ተብለው ይከፈላሉ። ብዙ ተመልካች ክፍፍሉ ሽልማት ለማብዛት የተደረገ ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የደረጃዎቹ ድንበር የተሰመረው የሰው አካል በሚሸከመው ኃይል ልክ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

አመጣጡ በአጭሩ

ምሶሶ ላይ ወጥቶ ትርኢት ማሳየት አዲስ ነገር አይደለም። በህንድ ማላካምብ የሚባለው የእንጨት ምሶሶ ስፖርት በ12ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈው ማናሶላሳ በተባለው የሳንስክሪት መጽሐፍ ውስጥ ተጠቅሷል። የቻይና አክሮባቶችም የራሳቸው የምሶሶ ትርኢት አላቸው። የዛሬው ፖል ዳንስ ግን በቅርብ የተወለደው በሰሜን አሜሪካ የምሽት ክበቦች ነው፤ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም እንደ አካል ብቃት እንቅስቃሴ መሰጠት ጀመረ። ዓለም አቀፉ የፖል ስፖርት ፌዴሬሽን በ2009 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፤ የመጀመሪያውንም የዓለም ሻምፒዮና በ2012 ለንደን ላይ አካሄደ።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን ጂምናስቲክን የሚመስል፣ ታኮ ጫማ የማይደረግበት ስፖርት ሆነ። ኤግዞቲክ የሚባለው ሌላው ወገን የምሽት ክበብ መነሻውን ሳይደብቅ ታኮ ጫማውንና የወለል ላይ ዳንሱን ይዞ ቀጠለ፤ በተለይ በሩሲያ እጅግ ዳበረ። ይህ መነሻ ለአንዳንድ አንባቢ ላይጥም ይችላል። ሆኖም ኃይልና ፍጥነት የዳንሱን ዓይነት አይመርጡም፤ በሁለቱም ላይ እኩል ይሠራሉ።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ መያዝ

ክብደቷ 60 ኪሎ ግራም የሆነ ተወዳዳሪ ምሶሶው ላይ ስትንጠለጠል መሬት ወደ ታች የሚስባት ኃይል 590 ኒውተን ያህል ነው። ይህን ኃይል የሚቋቋመው በቆዳዋና በብረቱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ሰበቃው የሚገኘው ምሶሶውን የምትጨምቅበት ኃይል በሰበቃ ኮኤፊሸንቱ ሲባዛ ነው። ለምሳሌ ኮኤፊሸንቱ 0.6 ቢሆን በጠቅላላው ወደ 980 ኒውተን በሚጠጋ ኃይል መጭመቅ ይኖርባታል። በላብ ወይም በቅባት ምክንያት ወደ 0.3 ቢወርድ ግን የሚያስፈልገው ኃይል በእጥፍ አድጎ ወደ 1,960 ኒውተን ይደርሳል። የተለወጠ ጡንቻ የለም፤ የተለወጠው የቆዳዋ እርጥበት ብቻ ነው።

ተወዳዳሪዎች ከውድድር በፊት ቆዳቸውን ቅባት የማይቀቡት፣ ምሶሶውም በየመሀሉ በአልኮል የሚወለወለው በዚህ ምክንያት ነው። አጭር ልብስ የሚለብሱትም ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ የጭን፣ የብብትና የወገብ ቆዳ ብረቱን በቀጥታ ካልነካ አይዝም። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ፈጽሞ የደረቀ ቆዳም በደንብ አይዝም። ጥቂት እርጥበት ቆዳውን ስለሚያለሰልሰው ከብረቱ ጋር የሚነካካበትን ስፋት ይጨምራል፤ እርጥበቱ ሲበዛ ግን በመካከላቸው ውኃ ይገባና ሰበቃው ይወድቃል። ጀማሪ ተወዳዳሪ ከሁሉ አስቀድማ የምትማረው ይህን ነው፤ የራሷን ቆዳ ማወቅ።

ሁለተኛው ደረጃ፦ መሽከርከር

በብዙ ውድድሮች ሁለት ምሶሶዎች ይቆማሉ፤ አንዱ የማይንቀሳቀስ፣ ሌላው በራሱ ዘንግ የሚሽከረከር። በሚሽከረከረው ላይ የተወዳዳሪዋ የስበት ማዕከል ከምሶሶው 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ እንበል። በሁለት ሰከንድ አንድ ዙር ብትዞር ወደ መሀል ለመሳብ የሚያስፈልጋት ኃይል 180 ኒውተን ገደማ ነው። በአንድ ሰከንድ አንድ ዙር ብትዞር ግን 710 ኒውተን ይሆናል፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ አራት እጥፍ ያድጋልና። ይህ ከራሷ ክብደት ይበልጣል። ሁለቱ ኃይሎች አንድ ላይ ሲደመሩ፣ አንዱ ወደ ታች ሌላው ወደ ጎን ስለሆኑ በፓይታጎረስ ሕግ ተሰልተው፣ እጆቿ የሚሸከሙት 920 ኒውተን ያህል ነው።

እግሯን ወደ ምሶሶው ስትሰበስብ ማንም ሳይገፋት ፍጥነቷ ይጨምራል። አንግላዊ ሞመንተም ስለሚጠበቅ፣ ክብደቷ ወደ መሀል ሲቀርብ ፍጥነቷ የግድ ያድጋል። ልምድ ያላት ተወዳዳሪ ይህን እንደ መሪ ትጠቀምበታለች፤ ለመፍጠን ትሰበስባለች፤ ለመቀዝቀዝ ትዘረጋለች። ልምድ የሌላት ግን ፈርታ ስትሰበሰብ የባሰ ትፈጥናለች።

የታኮ ጫማው ጉዳይ

አንዱ ጫማ ግማሽ ኪሎ ግራም ይመዝናል ብለን እናስብ። ግማሽ ኪሎ ምን ያመጣል? የአንድ እግር ክብደት የሰውነት ክብደት 16 ከመቶ ገደማ ነው፤ በእኛ ምሳሌ 10 ኪሎ ግራም ያህል ማለት ነው። የእግሩ የስበት ማዕከል ከዳሌ መጋጠሚያ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲርቅ፣ ጫማው ግን ከ90 ሴንቲ ሜትር በላይ ርቆ ጫፉ ላይ ይገኛል። ስለዚህ እግሯን አግድም ዘርግታ ስትይዝ ዳሌዋ የሚሸከመው ቶርክ ከአንድ አስረኛ በላይ ይጨምራል። ማንሻ ላይ ወሳኙ ክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ርቀቱም ጭምር ነው። በባዶ እግር የሠራችውን እንቅስቃሴ በታኮ ጫማ መድገም እንደ አዲስ ትምህርት የሚሆነው ለዚህ ነው።

የላይኛው ደረጃ፦ እንደ ሰንደቅ መዘርጋት

በከፍተኛ ደረጃ ከሚታዩት እንቅስቃሴዎች አንዱ በሁለት እጅ ብቻ ምሶሶውን ይዞ መላ አካልን እንደ ሰንደቅ ዓላማ አግድም መዘርጋት ነው። በሁለቱ እጆች መካከል ያለው ርቀትና የስበት ማዕከሉ ከምሶሶው ያለው ርቀት እኩል ናቸው እንበል። በቶርክ ሚዛን ብናሰላው የላይኛው እጅ የመላ ሰውነቱን ክብደት በሚያህል ኃይል ይስባል፤ የታችኛውም በዚያው ልክ ይገፋል። ክብደቱን ወደ ላይ ተሸክሞ መያዙ ደግሞ ከዚህ በተጨማሪ የሚመጣ ነው። የትከሻና የእጅ አንጓ ጉዳት በዚህ ደረጃ የሚያሰጋው በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃን መዝለል ለምን ይጎዳል?

ኃይል ሲጨምር ሰውነት ይለምዳል፤ ነገር ግን ሁሉም ክፍሉ በአንድ ፍጥነት አይለምድም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሻሻለው የነርቮች ትእዛዝ ነው። ቀጥሎ ጡንቻ ይጠነክራል። ጅማት ግን የሚደርሰው ደም አነስተኛ ስለሆነ ወደ ኋላ ይቀራል። በዚህ መካከል አደገኛ ጊዜ ይፈጠራል፤ ጡንቻው «እችላለሁ» ሲል ጅማቱ ገና አልደረሰም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው አባባል እዚህ ላይ ምክር ብቻ ሳይሆን የሰውነት ሕግ ሆኖ እናገኘዋለን።

ስለዚህም በአንዳንድ ውድድሮች አደገኛ እንቅስቃሴዎች ለታችኛው ደረጃ ይከለከላሉ። በተቃራኒው ደግሞ በአንድ ደረጃ ያሸነፈ ሰው እንደገና በዚያው ደረጃ እንዳይወዳደር፣ አስተምሮ የሚከፈለውም በአማተርነት እንዳይመዘገብ የሚከለክሉ ብዙዎች ናቸው። ከአቅም በታች መመዝገብ የሌላውን ዕድል መቀማት ነው፤ ከአቅም በላይ መመዝገብ ደግሞ የራስን ትከሻ አሳልፎ መስጠት ነው። የመጀመሪያውን ዳኛ ሊያርመው ይችላል። ሁለተኛውን የሚያርመው ግን ጉዳቱ ራሱ ነው፤ እርማቱም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከረፈደ በኋላ ነው።

እንግዲህ በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የተማርናቸው ሰበቃ፣ ቶርክና አንግላዊ ሞመንተም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ የሚኖሩ አይደሉም። ጀማሪዋ በእጇ መዳፍ፣ ባለሙያዋ በትከሻዋ ታሰላቸዋለች። የሁለቱ ስሌት አንድ ነው፤ የሚለያዩት መልሱን ለመሸከም ባጠፉት ዓመታት ነው።