ያላለቀሱበት ፊልም

ዘወትር ጁሙዓ ከዒሻእ ሶላት በኋላ፣ ሻርጃ ውስጥ በአንድ የገበያ ማዕከል በሚገኝ ሲኒማ ቤት በር ላይ የሚገናኙ አራት ኢትዮጵያውያት አሉ። ሦስቱ የሚመጡት የሳምንቱን ድካም ለመርሳት ነው። አራተኛዋ፣ የአርባ ስድስት ዓመቷ የልብስ ስፌት ሠራተኛ፣ የሚመጡት ግን ለመፍረድ ነው ማለት ይቀላል። ቦርሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት እሽግ ሶፍት አይጠፋም፤ ለራሳቸው ሳይሆን ለጓደኞቻቸው። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ወደዳችሁት?» የሚል አይደለም። «ማን አስለቀሳችሁ? ሰውዬው ነው ወይስ ሙዚቃው?» ይላሉ።

ወይዘሮዋ ስማቸው በጋዜጣ እንዲወጣ አይፈልጉም። ኮምቦልቻ ተወልደው አደጉ፤ ሰባት ዓመት ቤሩት በሰው ቤት ሠሩ፤ ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሻርጃ በሚገኝ የዓባያ ስፌት ቤት ጠርዝና ጥልፍ ይሠራሉ። ስለ ፊልም በትምህርት ቤት የቀሰሙት አንዳች ነገር የለም። ያላቸው መለኪያ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም እንባ ነው። የሚያስለቅስ ፊልም ሁሉ ጥሩ ፊልም አይደለም ብለው ያምናሉ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ከጓደኞቻቸው ጋር ተከራክረው የጨረሱት ሻይ ብዙ ነው።

ክርክሩ ሥሩ ኮምቦልቻ ነው። በልጅነታቸው በሰፈሩ የቪዲዮ ማጫወቻ የነበረው አንድ ጎረቤት ብቻ ሲሆን፣ በእርሱ ቤት ፊልም ማለት የሕንድ ፊልም ነበር። ቋንቋውን የሚያውቅ አልነበረም። ዕድሜው ከፍ ያለ አንድ ልጅ ከፊት ተቀምጦ የገባውንም ያልገባውንም ይተረጉማል፤ ሴቶቹ ከኋላ ሆነው በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን ያብሳሉ። የወይዘሮዋ እናት ይህን ሲሰሙ «ለጎረቤት ሐዘን ያልወረደ እንባ ለሕንድ ይወርዳል!» እያሉ ይቆጡ እንደነበር ልጃቸው ዛሬም እየሳቁ ያነሳሉ።

ያን እንባ አይንቁትም። ነገር ግን አሠራሩን ካወቁት ቆይተዋል። እናት ዓይኗን ታጣለች፤ ወንድማማቾች በልጅነት ይለያያሉ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ዘፈን ያገናኛቸዋል፤ ዝናቡ እንኳ ሳይቀር ታዝዞ ይዘንባል። ተመልካቹ የሚያለቅሰው ማልቀስ ስላለበት ነው። «እንዲህ ያለው እንባ ከደጅ አይሻገርም፤ ጫማሽን አጥልቀሽ ሳትጨርሺ ይደርቃል» ይላሉ። ፍርዱ ትንሽ ይከብዳል፤ ከእነዚያ ፊልሞች መካከል እስከ ዛሬ ከልብ ያልወጡላቸው እንዳሉም ጓደኞቻቸው በሹክሹክታ ይናገራሉ።

በተቃራኒው፣ እንባን በሐቅ ያመጣ የሚሉት ፊልም ሲጠየቁ ሳያመነቱ የሚጠሩት የኢራናዊውን ዳይሬክተር የማጂድ ማጂዲን «የገነት ልጆች» ነው። እ.ኤ.አ በ1997 የወጣው ይህ ፊልም ታሪኩ ከአንድ ጥንድ አሮጌ ጫማ አይበልጥም። ዓሊ የተባለ ልጅ የእህቱን የዘህራን ጫማ አሠርቶ ሲመለስ መንገድ ላይ ይጠፋበታል። አባት ሌላ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ወንድምና እህት ለወላጆቻቸው ሳይናገሩ በዓሊ አንድ ጫማ ይፈራረቃሉ፤ እርሷ ጠዋት ተምራ ሮጣ ትመጣለች፣ እርሱ ጫማውን ተቀብሎ ወደ ከሰዓቱ ትምህርት ይሮጣል። በኋላ ዓሊ ለሦስተኛ የሚሰጠውን ሽልማት፣ ማለትም ጫማ፣ ለእህቱ ሊያመጣ በሩጫ ውድድር ይሳተፋል፤ ሳያስበውም አንደኛ ይወጣና ያለቅሳል። ዓለም ሁሉ የሚያስታውሰው ይህን ሩጫ ነው። ፊልሙ ለኦስካር ከታጩት የውጭ ቋንቋ ፊልሞች አንዱ ሊሆን የበቃውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ወይዘሮዋ ያለቀሱት ግን ሩጫው ላይ አይደለም። ያለቀሱት ስኳሩ ላይ ነው።

ትዕይንቱ አጭር ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። አባት ከመስጂድ የመጣ ስኳር ፊቱ ዘርግቶ በትናንሹ ይሰባብራል። ዘህራ ሻይ ታቀርብለታለች፤ ስኳር እንድታመጣ ይጠይቃታል፤ እርሷም ይህን ሁሉ ስኳር ፊትህ አድርገህ እንዴት ትለኛለህ ትለዋለች። አባት ስኳሩ የመስጂድ መሆኑን፣ በአደራ የተሰጠ መሆኑን ይነግራታል። ቤቱ የኪራይ ዕዳ ያለበት ቤት ነው። ሙዚቃ የለም፤ የሚያለቅስ ሰው የለም፤ ፊልሙ ወደ ሌላ ነገር ያልፋል።

«ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ቁልፍ፣ የሰው ወርቅ፣ የሰው ልጅ በእጄ ነበር» ይላሉ ወይዘሮዋ። «አንድ ቀንም ይህ አማና ነው፣ ጠብቀሽልናል ያለኝ ሰው የለም። ማንም ባያይ አላህ ያያል ብዬ ሠራሁ። ያንን ስኳር ሳይ የሆነ ሰው እኔን ያየኝ መሰለኝ።»

ከጓደኞቻቸው መካከል በዕድሜ የምታንሰው፣ በአንድ የሴቶች የውበት ሳሎን የምትሠራው ወጣት፣ በዚህ መለኪያ አትስማማም። «እቴቴ፣ እንባ ደግሞ እንደ ስኳር ይመዘናል እንዴ?» ትላቸዋለች። የእርሷ ምርጫ የሶሪያ ተወላጁ ሙስጠፋ አል-ዓቃድ እ.ኤ.አ በ1976 ያቀረበው «አር-ሪሳላ» ነው። ፊልሙ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ በተለያዩ ተዋንያን ሁለት ጊዜ መቀረጹ ይታወቃል። ወጣቷ ገና ስሙ ሲነሳ ዓይኗ እንባ ያቀርራል፤ የቢላል ስቃይ ሲመጣማ ፊቷን ትሸፍናለች።

እዚህ ላይ ታላቅየዋ ይለሰልሳሉ። በእርሳቸው አስተያየት የዚህ ፊልም ኃይል ያለው ከሚያሳየው ይልቅ በማያሳየው ላይ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በፊልሙ አይታዩም፤ ድምፃቸውም አይሰማም። ተዋንያኑ ወደ ካሜራው ዞረው ይናገራሉ፤ መልሱን ተመልካቹ ከሌሎቹ ፊት ያነብበዋል። አንድ ባለሙያ ዋነኛውን ሰው ሳያሳይ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ፊልም ሠርቶ ሕዝብን ማስለቀስ ከቻለ፣ እያንዳንዱን እንባ አቅርቦ ማሳየት ለምን ያስፈልጋል ሲሉ ይጠይቃሉ።

ኢትዮጵያውያን ተመልካቾች በዚህ ፊልም ከሌላው ሰው ለየት ብለው የሚጠብቁት ትዕይንት አላቸው። ከመካ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች በሐበሻው ንጉሥ በነጃሺ ችሎት ይቆማሉ፤ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ከሱረቱ መርየም ያነብባል፤ ንጉሡም አሳልፎ አይሰጣቸውም። የፊልሙ ነጃሺ አማርኛም ግዕዝም አለመናገሩ አራቱን ሴቶች ሁሌ ያስቃቸዋል። ሳቁ ግን አይቆይም። ያኔ ስደተኛው ከዐረብ ምድር ወደ ሐበሻ ነበር የሚሻገረው። ወይዘሮዋ ባሕሩን በተቃራኒው አቅጣጫ ሲሻገሩ፣ ኮምቦልቻ የቀረችው ልጃቸው አሥራ አንድ ወሯ ነበር።

ስለ አገር ቤት ፊልሞች ሲጠየቁ ብዙ አይናገሩም። የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ያነሳሉ፤ እ.ኤ.አ በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበትን ኤፍሬምን አባቱ ለዘመድ ሰጥቶ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ልጁ ከበጉ ጋር ይቀራል። ሰው ሁሉ ለልጁና ለበጉ ሲያዝን፣ ወይዘሮዋ ፊልሙ እስኪያልቅ ያስቡ የነበረው አባትየው የት እንዳደረ ነው።

የሊባኖሳዊቷ ናዲን ላባኪ «ከፈርናሑም» እ.ኤ.አ በ2018 በካን የዳኞችን ሽልማት ካገኘ በኋላ ወሬው ሻርጃ ሲደርስ፣ አራቱ ሴቶች ፊልሙን ያዩት በሲኒማ ቤት ሳይሆን በአንዷ ጠባብ ክፍል ውስጥ በላፕቶፕ ነበር። ታሪኩ ወላጆቹን ስለወለዱት የሚከስሰው የዘይን ነው፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ ሲሆን፣ የልደት ወረቀት እንኳ የለውም። ከቤት ጠፍቶ ሲንከራተት የምታስጠጋው ኢትዮጵያዊቷ ራሒል ናት። በሐሰተኛ መታወቂያ፣ በሌላ ሰው ስም፣ በጽዳት ሥራ ትኖራለች፤ ዮናስ የተባለ ሕፃን ልጇን ከሰው ዓይን ትሸሽጋለች። ከዐረብኛው ጎን አማርኛ ይሰማል። ራሒል አንድ ቀን ትያዝና ሳትመለስ ትቀራለች። ዘይን ሕፃኑን በድስት አስቀምጦ በጎማ እየጎተተ በቤሩት መንገዶች ይዞት ይዞራል፤ የሚያበላው ሲያጣ በረዶ ላይ ስኳር አድርጎ ያቀምሰዋል።

ፊልሙ ላይ የሚታዩት አብዛኞቹ ሰዎች ሙያተኛ ተዋንያን አይደሉም። ዘይንን የሆነው ዘይን አል-ራፊዓ ራሱ ቤሩት ውስጥ የሚኖር የሶሪያ ስደተኛ ነበር። ራሒልን የተጫወተችው ዮርዳኖስ ሽፈራውም መኖሪያ ፈቃድ አልነበራትም፤ በፊልሙ የምትያዝበት ትዕይንት ከተቀረጸ ከጥቂት ቀናት በኋላ በእውነቱ ዓለም ተይዛ መታሰሯን ላባኪ ተናግራለች። ዮናስን የሆነችው ሕፃን፣ በእውነቱ ሴት ልጅ ናት፤ የእርሷም ወላጆች በቀረጻው ወቅት ታስረው ነበር።

በዚያች ምሽት ሁለቱ እሽግ ሶፍቶች አለቁ። ወጣቷ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። የሶፍቱ ባለቤት ግን አላለቀሱም። ራሒል እስር ቤት ውስጥ ሆና፣ ጡቷ ሞልቶ የሚጠባ ልጅ አጠገቧ በሌለበት ትዕይንት ላይ ተነሥተው ወደ ማብሰያው ሄዱ፤ ሻይ ጣዱ። ሲመለሱ ፊልሙ ወደ ፍጻሜው ደርሶ ነበር።

«ጨካኝ ነሽ አሉኝ» ይላሉ። «እኔ ቤሩት በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት የሰው ልጅ እያቀፍሁ ልብሴ በወተት ይርስ ነበር። እመቤቲቱ እንዳታይብኝ ፎጣ እጎዘጉዛለሁ። ሰው የራሱን ነገር ከፊቱ ሲያይ በምን ያለቅሳል? ፊልሙ ሐቅ ነው። ሐቅ ስለሆነ ነው የተነሣሁት።»

ለዓመታት የቆመላቸው መለኪያ በዚያች ማታ ተሰብሯል። ጥሩ ፊልም ማለት እንባን በሐቅ የሚያመጣ ነው ይሉ የነበሩት ሴት፣ ከሁሉ የላቀ ነው ለሚሉት ፊልም አንድ ጠብታ አላፈሰሱም። ወጣቷ ይህን እያነሣች ስታስቸግራቸው መልስ የላቸውም፤ «አንቺ ልጅ፣ ሻይሽን ጠጪ» ብለው ያልፋሉ።

ፊልሙን ኮምቦልቻ ላለችው ልጃቸው በስልክ ላኩላት። ልጅቱ ዛሬ ሃያ ዓመቷ ነው፤ ያሳደጓት አያቷ ናቸው። እናት ስለ ራሒል ምን እንደምትል ለመስማት ሦስት ቀን ጠበቁ። በአራተኛው ቀን መልስ መጣ። ልጅቱ የወደደችው ዘይንን ነው፤ ሕፃኑን ተሸክሞ የዞረውን። ስለ እናትየዋ አንድ ጥያቄ ብቻ አላት፤ ራሒልና ዮናስ ከተገናኙ በኋላ ፊልሙ ለምን አልቀጠለም? ሲተቃቀፉ ብቻ አሳይቶ ለምን ቆመ? ከዚያ በኋላ ምን ተባባሉ?

ወይዘሮዋ ያን መልእክት ደጋግመው ሰምተውታል። የመለሱላት በድምፅም በጽሑፍም አይደለም። የዓመት ፈቃዳቸውን ለዒድ አስደርገው ትኬት ቆርጠዋል፤ አርባ ቀን ነው። ሻንጣቸው ውስጥ ለልጃቸው ራሳቸው የሰፉት ጥቁር ዓባያ አለ። ቁመቷን በስልክ ጠይቀው ነው የለኩት፤ ጠርዙን ግን ሳይሰፉ ትተውታል፤ እዚያው ቆማ እስኪለኳት ድረስ።