በጁባ ከተማ ተሸሽገው የሚሰሙ ዘፈኖች

ሰው የሚወደውን ዘፈን ሁሉ በሰው ፊት አያስደምጥም። እንግዳ ሲመጣ ከመደርደሪያው የሚወርደው ሸክላ አንድ ነው፤ እንግዳው ተሸኝቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚሰማው ደግሞ ሌላ ነው። በብዙ አገር ይህን የመሰለው እፍረት ቀላል ነገር ነው። የተማረው ሰው ተራውን የሠርግ ቤት ዘፈን መውደዱ እንዲታወቅበት አይፈልግም፤ ሽማግሌውም የወጣቶቹን ጭፈራ በልቡ እየወደደ በአፉ ይነቅፋል። ነገሩ ቢገለጥም ከሣቅ በቀር የሚያስከትለው ጕዳት የለም። በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ግን አንዳንድ ዘፈን የሚሸሸገው ተራ ስለ ሆነ አይደለም። የሚሸሸገው የጠላት ነው በተባለው ቋንቋ ስለ ተዘፈነ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። የደቡብ ሱዳን ሰዎች ከካርቱም መንግሥት ጋራ ሁለት ጊዜ ተዋግተዋል። የመጀመሪያው ጦርነት በ1955 ተነሥቶ በ1972 በአዲስ አበባ በተደረገው ስምምነት ቆመ፤ ሁለተኛው ከ1983 እስከ 2005 ቈየ። በጄኔራል ኢብራሂም አቡድ ዘመን ዐረብኛ በደቡብ ትምህርት ቤቶች እንዲስፋፋ መንግሥት በብርቱ ሠራ፤ በ1960ም የደቡቡ የሳምንት ዕረፍት ከእሑድ ወደ ዓርብ ተዛወረ። ሕዝቡ ቋንቋውን ከአስገዳጁ መንግሥት ለይቶ ለማየት የተቸገረው ስለዚህ ነው። አገሪቱ በጁላይ 9 ቀን 2011 ነፃነቷን ባወጀች ጊዜ ሕገ መንግሥቱ እንግሊዝኛን የመንግሥት ሥራ ቋንቋ ሲያደርግ ዐረብኛን ከዚህ ማዕርግ አወረደው። ከገበያው ግን ሊያወጣው አልቻለም። የጁባ ዐረብኛ የሚባለው፥ ሥሩ በ19ኛው መቶ ዓመት ጦር ሠፈሮች ውስጥ የሚገኘው አነጋገር፥ ልዩ ልዩ ነገድ የሆኑት የከተማው ነዋሪዎች እርስ በርሳቸው የሚግባቡበት ዋናው መሣሪያ ነው።

የመሥሪያ ቤቱ ሹም ችግር የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በጦርነቱ ዘመን እጅግ ብዙ የደቡብ ሰዎች ተሰደው የኖሩት በራሱ በካርቱም ነበረ። ልጅነቱን በዚያች ከተማ ዳርቻ ያሳለፈ፥ በዚያ የተማረና በዚያ ልጃገረድ ያጨ ሰው የፍቅርን ቃል የለመደው በ1940 ከተቋቋመው ከኦምዱርማን ሬድዮ ነው። የመሐመድ ወርዲን፥ የአብደል ከሪም ኤል ካብሊን፥ የሰይድ ኸሊፋን ድምፅ ከሕይወቱ ነጥሎ ሊያወጣ ቢሞክር የጕብዝናውን ዘመን አብሮ ማውጣት ይሆንበታል። እንዲህ ያለው ሰው ቀን በስብሰባ ላይ ስለ ካርቱም በደል ይናገራል፤ የሚናገረውም እውነት ነው። ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ የመኪናውን መስተዋት ዘግቶ የካርቱምን ዘፈን ያዳምጣል፤ ይህም እውነት ነው። ግብዝ ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፍርዱ ትክክል አይሆንም።

ከናይሮቢና ከካምፓላ ስደት የተመለሰው ጎረቤቱ በበኩሉ ይህ ጭንቀት የለበትም። የኮንጎ ሩምባውን በግልጥ ያስጮኸዋል፤ በ1964 በአውሮፕላን አደጋ የሞተውን የአሜሪካዊውን የጂም ሪቭስን ለስላሳ ዘፈን ቢያስደምጥም የሚታዘበው የለም። ጉዳዩ የጣዕም ቢሆን ኖሮ ሊያፍር የሚገባው ማን እንደ ነበረ አንባቢ ይፍረድ።

ይልቁንም የሚያስደንቀው ይህ እፍረት በጦርነቱ ጊዜ እንዲህ ያልጠነከረ መሆኑ ነው። የደቡቡ ነፃ አውጪ ሠራዊት ከ1983 እስከ 1991 ድረስ ዋና መጠጊያው ኢትዮጵያ ነበረች፤ በጋምቤላ በኩል በኢታንግ፥ በፒኝዱና በዲማ እጅግ ብዙ ስደተኛ ተጠልሎ ነበር። ተዋጊዎቹ በሰልፍ ጊዜ ከሚዘፍኗቸው መዝሙሮች ብዙዎቹ በጁባ ዐረብኛ የተገጠሙ ነበሩ። በ1990 ደግሞ መሐመድ ወርዲ ወደ ኢታንግ መጥቶ በስደተኞቹ ፊት ዘፈነ። በካርቱም መንግሥት ጦር ምክንያት ቤታቸውን ትተው የወጡ ሰዎች የሰሜኑን ታላቅ ዘፋኝ በሜዳ ላይ በብዙ ሺሕ ሆነው ሰሙት። ያን ጊዜ ማንም ዘፈኑን በሣጥን ሥር አልደበቀውም። መደበቁ የመጣው ባንዲራው ከተሰቀለ በኋላ ነው።

ወርዲም ቢሆን ለካርቱም ገዦች የተመቸ ሰው አልነበረም። በ1932 በሰሜን ሱዳን በኑብያ ምድር ተወልዶ በዐረብኛም በኑብኛም የዘፈነ፥ በኦክቶበር 1964 የአቡድን አገዛዝ የጣለውን የሕዝብ ንቅናቄ በዜማ ያወደሰ፥ በኒሜሪም ዘመን የታሰረ ሰው ነው። ከ1989 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ አገሩን ትቶ ከአሥር ዓመት በላይ በስደት ኖረ። በዚያ መንግሥት ዘመን የፍቅር ዘፈን በራሱ በካርቱም በክፉ ዐይን ይታይ ነበር፤ በኖቬምበር 1994 ኮጃሊ ኡስማን የተባለው ዘፋኝ በኦምዱርማን በዘፋኞች ክበብ ውስጥ በጩቤ ተወግቶ ሞተ። እንግዲህ የጁባው ሹም የካርቱምን ዘፈን ሲደብቅ፥ የካርቱም ባለ ሥልጣኖች ራሳቸው ሲያሳድዱት የነበረውን ነገር እየደበቀ ነው ማለት ነው። ወርዲ ያረፈው ደቡቡ ነፃ ከወጣ ከሰባት ወር በኋላ፥ በፌብሯሪ 18 ቀን 2012 ነው።

የሱዳን ዘፈን ጆሮን እንዲህ የሚይዝበት ምክንያት በዜማው አሠራር ውስጥ ይገኛል። ግጥሙ ዐረብኛ ይሁን እንጂ ዜማው በአብዛኛው በአምስት ድምፅ የተመሠረተ ስለ ሆነ ከግብጽና ከሶርያ ዘፈን ይልቅ ለኢትዮጵያ ትዝታና አምባሰል ይቀርባል። ከዚህ የተነሣ ሰይድ ኸሊፋ በአዲስ አበባ እንደ አገር ልጅ ሲወደድ ኖረ፤ የጥላሁን ገሠሠም ድምፅ በካርቱም እንግዳ አልነበረም። ወርዲ በ1994 በአዲስ አበባ የዘፈነው ዘፈን ተቀርጾ ለገበያ ወጥቷል። በአዲስ አበባ የሱዳንን ዘፈን የሚሸሽግ ሰው የለም፤ ምክንያቱም ዐረብኛ እዚያ ማንንም ከትምህርት ገበታ አላባረረም።

ይሁንና የኢትዮጵያና የኤርትራ ሰዎችም የየራሳቸው የሚደበቅ ሣጥን አላቸው። ከ2005 ሰላም በኋላ ወደ ጁባ ከገቡት ነጋድያን መካከል የሁለቱ አገር ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ ሆቴል ከፍተዋል፥ ምግብ ቤት አቋቁመዋል፥ ውሃ በቦቴ እያመላለሱ ይሸጣሉ። መንግሥቶቻቸው ከሜይ 1998 እስከ 2000 ተዋግተው እስከ ጁላይ 2018 ድረስ ተኰራርፈው ሲኖሩ፥ ነጋድያኑ ግን በጁባ በአንድ መንገድ ዳር ጎን ለጎን ይነግዱ ነበር። ባለ ሆቴሉ የትኛውን ዘፈን በየትኛው እንግዳ ፊት እንደሚያሰማ ማሰቡ የንግዱ ክፍል ነው። በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲጫወት የነበረውን፥ በኋላም ወደ ኤርትራ ነፃነት ትግል የገባውን በረከት መንግሥተአብን ማን በግልጥ ሊወድደው፥ ማንስ በስውር ሊወድደው ይገባል? ለዚህ ደንብ ያወጣ የለም፤ እያንዳንዱ በልቡ ይመዝነዋል።

በጁባ ይህ መመዘን የእንጀራና የሕይወት ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በሱዳን በኤፕሪል 2023 ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በጣም ብዙ ሕዝብ በሬንክ በኩል ወደ ደቡብ ተሻገረ። ከነዚህ አብዛኛዎቹ ቀድሞ ወደ ካርቱም የተሰደዱት ደቡባውያንና በዚያ የተወለዱ ልጆቻቸው ናቸው፤ የተወለዱበት ከተማ ዘፈንም አብሯቸው መጣ። በጃንዋሪ 2025 በሱዳን በዋድ መዳኒ ደቡብ ሱዳናውያን መገደላቸው በተሰማ ጊዜ በጁባ ሁከት ተነሣ፤ የሱዳናውያን ሱቆች ተዘረፉ፥ ሰዎችም ተገደሉ። መንግሥት ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሰዓት እላፊ ዐዋጅ አወጣ። በዚያ ሰሞን በመንደር ውስጥ ሱቅ ያለው የዳርፉር ሰው ሬድዮኑን ቢያጠፋ በቂ ምክንያት ነበረው። በካርቱም ያደገው የጁባ ሹምም ሌሊቱን በቤቱ ተዘግቶ ሲያድር፥ ወርዲን ለመስማት ቢፈልግ፥ ድምፁን ጎረቤት በማይሰማው መጠን ዝቅ ማድረግ ነበረበት።