ሃይድሮሊክ የእጅ ፍሬን፦ መኪና ያዞራል እንጂ አቁሞ አያሳድርም

ዛሬ የምናወራው ስለ መኪና ነው። እዚህ ፔታህ ቲክቫ፣ ቂርያት አርዬና ሰጉላ ባሉት ሙሳሆች አካባቢ ከልጆቻችን ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ፦ «ሃይድሮሊክ አምብሬክስ ላስገባ ነው፤ የፋብሪካውን ላውጣው?» አጭሩ መልስ፦ እንዳታወጡት። ለምን? እሺ፣ ቀስ ብለን እንየው።

መኪናችን ላይ ያለው የተለመደው የእጅ ፍሬን የሚሠራው በካቮ ነው። እጀታውን ስትስቡት ካቮው ይወጠራል፣ የኋላ ፍሬኑን ይይዛል፣ ጥርሱ ደግሞ እጀታውን ቆልፎ ያስቀምጠዋል። ብረት ብረትን ይዞ ያድራል ማለት ነው። ሃይድሮሊኩ ሌላ ነው። ከእጀታው ሥር ትንሽ የፍሬን ፓምፕ አለች። ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደው የፍሬን ዘይት በእሷ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። እጀታውን ስትስቡ ዘይቱ ይጨመቅና የኋላ ጎማዎች ወዲያው ይቆለፋሉ። ለራሊና ለድሪፍት የሚፈለገውም ለዚሁ ነው፤ በካቮ ይህን ያህል ፈጣንና ጠንካራ ኃይል አይገኝም።

አሁን ገጠማው ላይ እንምጣ። አንደኛው ጉዳይ ቱቦው ነው። በፊት ጎማ የሚነዱ ብዙ መኪኖች የፍሬን መስመራቸው በሰያፍ የተከፈለ ነው፦ የፊት ግራ ከኋላ ቀኝ፣ የፊት ቀኝ ከኋላ ግራ ጋር። ይህ የተደረገው አንዱ መስመር ቢፈስ ሌላው እንዲያቆማችሁ ነው። ታዲያ አንዷን ፓምፕ በአንድ የኋላ ቱቦ ላይ ብቻ ብትገጥሙ የሚቆለፈው አንድ ጎማ ነው። ሁለቱን የኋላ ቱቦዎች አንድ ላይ አገናኝታችሁ ብታሳልፉ ደግሞ ባሰ፤ አንድ ቦታ ቢያንጠባጥብ ሁለቱም መስመሮች አብረው ይሄዳሉ፣ የእግር ፍሬኑም ጭምር። ለእንዲህ ዓይነት መኪና ለየመስመሩ የራሱ ፓምፕ ያለው፣ ባለ ሁለት ፓምፕ እጀታ ያስፈልጋል። ወይም ከኋላ ለየጎማው ሁለተኛ ካሊፐር ተጨምሮ ለእጅ ፍሬኑ ለብቻው መስመር ይዘረጋለታል። ሥራውም ወጪውም ይበዛል፤ ግን የእግር ፍሬኑን አይነካም።

ሁለተኛው የፓምፗ ስፋት ነው። ጠባብ ስትሆን በትንሽ ጉልበት ብዙ ግፊት ትሰጣለች፣ እጀታው ግን ረጅም መንገድ ይሳባል። ሰፊ ስትሆን ተቃራኒው ነው። ስለዚህ «ትልቅ ይሻላል» የሚባለው ነገር አይሠራም፤ ከኋላው ካሊፐር ጋር መመጣጠን አለባት።

ሦስተኛው አየር ነው። መስመሩ ውስጥ አየር ከቀረ እጀታው እንደ ስፖንጅ ይሆናል፣ የእግር ፍሬኑም እንደዚያው። የፍሬን ዘይት ደግሞ ውኃ ይስባል። አዲስ ዶት 4 የሚፈላው ቢያንስ 230 ዲግሪ ላይ ነው፤ ውኃ የሳበው ግን 155 ዲግሪ ድረስ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከቆየ የተከፈተ ጠርሙስ አትቅዱ።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። አሳዳሪ ሆኖ የማያገለግለው ለምንድን ነው? የጋለ ዘይት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ጎሚኒውም ቀስ እያለ ያሳልፋል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ሃይፋ አክስታችሁ ጋ ሄዳችሁ ዳገት ላይ አቁማችሁ ቡና እየጠጣችሁ መኪናው ብቻውን ሊንቀሳቀስ ይችላል። ከታች ደግሞ ሕፃናት ይጫወታሉ። የተባበሩት መንግሥታት የመኪና ፍሬን ደንብ ቁጥር 13ኤች የማቆሚያ ፍሬን በብረት ብቻ ተቆልፎ እንዲይዝ፣ ጭነት የሞላ መኪናንም 20 በመቶ ዳገት ላይ እንዲያቆም የሚያዘው ለዚህ ነው።

ሕጉስ? ያለ ሚስራድ ሃሪሹይ ፈቃድ የፍሬን መስመር መለወጥ «ሺኑይ ሚቭኔ» ነው። ቴስት ላይ ሊጥላችሁ፣ መንገድ ላይም መኪናውን ከመንገድ ሊያስወርድ ይችላል። ቢቱአሕ ደግሞ ያላሳወቃችሁትን ለውጥ ሲያገኝ ክፍያ ሊቀንስ ወይም ሊከለክል ይችላል። እኛ ልጆች ያለ ምክንያትም የምንቆምበት ጊዜ እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ምክንያቱን በገዛ እጃችን ገጥመን አንዙር።

ድሪፍት የሚወድ ልጅን አልቃወምም፣ እኔም እወደዋለሁ። በ2005 ክኔሴት ያወጣው የስፖርት ነጂነት ሕግ ለዚህ ስፖርት የፈቃድ መንገድ ከፍቷል፦ በተፈቀደ ቦታ፣ ፈቃድ ባለው ነጂና መኪና። ሃይድሮሊኩ ቦታው እዚያ ነው። መንገድ ላይ ለሚነዳው መኪና ግን ያቺ የካቮ ፍሬን ትቆይ፤ ካቮዋ ላልቶ ከሆነ አስጠብቁት፣ ሸራው አልቆ ከሆነ ቀይሩት።

ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ፤ የመኪናውን ዓይነትና ዓመተ ምርት መጻፍ እንዳትረሱ። በሚቀጥለው እስክንገናኝ ደህና ሁኑልኝ።