ባቡሩ ቢቀር መንገዱ አለ... በብስክሌት!

እሁድ እሁድ ምን ትሰራላችሁ? ሶፋ ላይ ተጋድሞ ኳስ ማየት? ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይዞ አላፊ አግዳሚውን መገምገም? እሱም ደስ ይላል፣ አልተቃወምኩም። ግን አንዳንዴ ሳንባም ይዝናና እንጂ! የዛሬው ወሬዬ ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ፣ የድሮውን የባቡር ሐዲድ ተከትሎ በብስክሌት ስለመሄድ ነው።

መጀመሪያ ከሐዲዱ ጋር ላስተዋውቃችሁ። የድሮው ምድር ባቡር ግንባታ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተነሳ። በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ እንዲያውም ድሬን ከተማ ያደረጋት እሱ ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ሲሆን ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ዛሬ «ለገሃር» የምንለው ስም ራሱ «ላ ጋር» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። በ2016 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ፣ አሮጌው በአዲስ አበባ በኩል ከቆመ ዓመታት አልፈውት ነበር።

ታዲያ ይሄ ለብስክሌት ምን ይጠቅማል? ባቡር ዳገት አይወድማ! የብረት ጎማ በብረት ላይ ስለሚንሸራተት፣ መሐንዲሶቹ ጉብታውን እየቆረጡ፣ ጎድጓዳውን እየሞሉ መንገዱን አለዘቡት። በዚያ ላይ ከቢሾፍቱ ወደ ሞጆ መሬቱ በጥቂቱ ቁልቁል ይላል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጉልበቴ ደካማ ነው የሚል ሰው እንኳን እያወራ ይደርሳል። ግራ ቀኙ ጤፍና ሽንብራ ነው። በጠጠሩ ላይ ግን እንዳትሞክሩት፣ መቀመጫችሁ አይተርፍም። ሰውና አህያ ያለሰለሳትን ከሐዲዱ ጎን ያለች የእግር መንገድ ያዙ። በአንዳንድ ቦታ ሐዲዱ ሳር ውስጥ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ገበሬውን መጠየቅ ነው።

እኔ የሄድኩት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ነው። ብስክሌቶቻችንን ሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ አስጭነን (ከረዳቱ ጋር የተደረገውን ክርክር ልተወው!) ቢሾፍቱ ወረድን። ጓደኛዬ የባቡረኛ ልጅ ነው። አባቱ ድሬዳዋ በጡረታ ይኖራሉ። እሱ ደግሞ ዱባይ ሊሄድ ቪዛው ወጥቶለት የቀሩት ሳምንታት ናቸው። አባትና ልጅ ግን ከተኮራረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። ልጅ ኮሌጁን አቋርጦ ንግድ ሲገባ፣ አባት «ከእንግዲህ ልጄ አይደለህም» የሚል ቃል አመለጣቸው። ልጅም ቃሉን ይዞ ቀረ። የበዓል ሰላምታ እንኳን የሚደርሳቸው በእናት በኩል ነበር።

ሞጆ የድሮው ጣቢያ ደርሰን ጥላ ስር ስናርፍ፣ ከሐዲዱ ጎን አንድ የዛገ የብረት ዘንግ አየን። «ይቺ ደግሞ ምን ትሰራ ነበር?» አለኝ።

«የሚያውቅ ሰውማ ታውቃለህ» አልኩት።

ዝም አለ። ስልኩን አወጣ፣ መልሶ ከተተ፣ እንደገና አወጣ። በመጨረሻ ደወለ። «አባባ... እኔ ነኝ። ሞጆ ጣቢያ ነው ያለሁት።»

እዚያ ማዶ ለረጅም ጊዜ ፀጥታ ሆነ። ከዚያ «የድሮው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ከዚያማ ማን ያስቁማቸው! ዘንጉ ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያሻግር መሆኑን፣ ጠባቂው ቢያንቀላፋ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት እንደሚገናኝ፣ ሌሊት ፋኖስ ይዘው እንዴት እንደሚቆሙ... አርባ ደቂቃ! «ይቅርታ» የሚል ቃል ከሁለቱም አልወጣም። ሊዘጉ ሲሉ ግን «ከመሄድህ በፊት ድሬ ናና ሌላውን አሳይሃለሁ» አሉት። ሄደ፤ ሦስት ቀን አባቱ ጋር ሰንብቶ ተመለሰ።

ልብ በሉልኝ! ከተኮራረፉት ሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ «እንነጋገር» ማለት ከባድ ነው። አንደኛው ዳኛ፣ ሌላኛው ተከሳሽ ይሆናል። ሰውየው የሚያውቀውንና የሚወደውን ነገር ስትጠይቁት ግን በሩን ራሱ ይከፍታል።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ እነዚህን አትርሱ፦

1ኛ. አሮጌውን ከአዲሱ ለዩ። አሮጌው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ብቻ ነው። አዲሱ 1 ሜትር ከ43 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሲሆን በላዩ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተዘርግቷል። ሽቦ ያለበት ዘንድ ድርሽ እንዳትሉ፤ እዚያ ባቡር ይመጣል!

2ኛ. የግራር እሾህ ጎማ ይበሳል፣ ሜዳ ላይ ደግሞ ጎሚስታ የለም። ትርፍ ካላማዳሪያ፣ መንፊያና ማጣበቂያ ያዙ።

3ኛ. በጠዋት ተነሱ፣ ሁለት ሊትር ውሃ ያዙ፣ ብቻችሁን አትሂዱ። የአካባቢውን ሰላም ከሚያውቁ ሰዎች አስቀድማችሁ አጣሩ፤ «ዛሬ ይቅር» ካሏችሁ ይቅር።

4ኛ. ሐዲዱም ጣቢያውም ንብረት ነው። «ማስታወሻ ይሆነኛል» ብላችሁ ብሎን እንዳትፈቱ።

ቤታችሁ ውስጥ ባቡረኛ ወይም ሾፌር የነበረ፣ ፋብሪካ ያረጀ አባት ወይም አያት ካለ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ስለ ሥራው አንድ ጥያቄ ጠይቁት። መልሱ ሊረዝም ስለሚችል ቡና ይፈላ። መልካም መንገድ!