ትራንስፈሩ ተለውጦ ብልሽቱ ያልቀረ እንደሆነ

በአራቱም ጎማ የሚጎትቱ መኪናዎች ላሏቸው ሁሉ የተዘጋጀ ማብራሪያ

ጥቁር አፈር ባለበት አገር ክረምት ከገባ በኋላ፥ በኋላ ጎማው ብቻ የሚገፋ መኪና ከዋናው መንገድ ወጥቶ ብዙ ሊራመድ አይችልም። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ወደ ገበሬው፥ የከብት መድኃኒት ወደ በረቱ፥ ሕመምተኛም ወደ ሐኪም ቤት የሚደርሰው በአራቱም ጎማ በሚጎትት መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ላንድሮቨር ለእርሻ ሥራ ጭምር ታስቦ የተሠራ ስለ ነበር፥ ከመሽከርከሪያው ኃይል ተወስዶ መጋዝና ሌላም የእርሻ መሣሪያ ይንቀሳቀስበት ነበር።

በእንደዚህ ያለ መኪና የሞተሩን ኃይል ከካምቢዮው ተቀብሎ ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ሳጥን ትራንስፈር ይባላል። ይህ ሳጥን ተሰብሮ በሌላ ከተለወጠ በኋላ መኪናው እንደ ቀድሞው አልሄድ ያለ እንደሆነ፥ ባለቤቱ ጥፋቱን ወዲያውኑ በአዲሱ ዕቃ ላይ ማሳበቡ የተለመደ ነው። ዕቃውንም ሁለተኛ አስፈትቶ ሌላ ይገዛል። ነገር ግን ብልሽቱ ከሳጥኑ ውጭ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ስላልሆነ፥ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ቀጥሎ የተመለከቱትን በተራ መመርመር ይገባል።

1ኛ/ የተገጠመው ሳጥን ለመኪናው የሚስማማ መሆኑን ማረጋገጥ። ሁለት ሳጥኖች በውጭ መልካቸው አንድ ሆነው በውስጥ ጥርሳቸው ሊለያዩ ይችላሉ። ለምሳሌ ያህል፥ ለላንድሮቨር ዲፌንደር ከተሠሩት ትራንስፈሮች የአብዛኞቹ የከፍተኛው ማርሽ ልክ 1.41 ሲሆን፥ ለዲስከቨሪ የተሠራው 1.22 ነው። የዲስከቨሪው በዲፌንደር ላይ የተገጠመ እንደሆነ መኪናው በከፍተኛው ማርሽ ዳገት ሲወጣ የመጎተት ኃይሉ ከመቶ 13 ገደማ ይቀንሳል። የዝቅተኛው ማርሽ ልክ ግን በሁለቱም 3.32 ስለሆነ በዚያ በኩል ለውጥ አይታይም። ስለዚህ በከፍተኛው ደክሞ በዝቅተኛው እንደ ቀድሞው የሚጎትት መኪና ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት የትራንስፈሩ ቁጥር ቢታይ ይበጃል።

2ኛ/ የፊት ጎማዎች አልጎትት ያሉ እንደሆነ። ነጂው በፈለገ ጊዜ ብቻ የፊት ጎማ የሚያስገባባቸው መኪናዎች በቀላል ዘዴ ይመረመራሉ። ማርሹ በአራት ጎማ መጎተቻው ላይ ተደርጎ፥ የፊት ጎማ መቆለፊያ ያለውም ተቆልፎ፥ መኪናው በልል አፈር ላይ ጥቂት ሜትር በቀስታ ይነዳል። ከዚያም በደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ ሞተሩ ይጠፋል፤ ካምቢዮው ፎሌ ይደረጋል፤ የኋላ ጎማዎች በፊትም በኋላም በድንጋይ ይደገፋሉ። በእጅ ፍሬን ብቻ መተማመን አይገባም። ቀጥሎ አንዱ የፊት ጎማ በክሪክ ተነሥቶ፥ ከሥሩም ጠንካራ ድጋፍ ተደርጎለት፥ በእጅ ለማዞር ይሞከራል። ጎማው ጥቂት ተነቃንቆ የቆመ እንደሆነ ሁሉም በትክክል ይዟል ማለት ነው። ጎማው እየዞረ ከትራንስፈሩ ወደ ፊት የሚሄደው ዘንግም አብሮ የዞረ እንደሆነ፥ ትራንስፈሩ አልያዘም። ጎማው እየዞረ ዘንጉ ያልተንቀሳቀሰ እንደሆነ ግን ትራንስፈሩ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ የሚፈለገው በጎማው መቆለፊያ፥ ወደ ጎማው በሚሄደው አጭር ዘንግ ወይም በፊተኛው ዲፈረንሻል ነው።

ትራንስፈሩ አልያዘም ማለትም ተሰብሯል ማለት አይደለም። ከማርሽ መለወጫው ወደ ሳጥኑ የሚሄደው ብረት ልኩ ካልተስተካከለ ማርሹ ግማሽ መንገድ ገብቶ ይቀራል፤ ጭነት ሲበዛበትም ይወጣል። ብረቱ ተፈትቶ የሳጥኑ ክንድ በእጅ ሲገፋ በደንብ የገባ እንደሆነ ጉድለቱ በብረቱ ነው። በኤሌክትሪክ ማብሪያ የሚለወጥ ከሆነ ደግሞ ፊውዙና ሳጥኑ ሲለወጥ የተነቀሉት የሽቦ መጋጠሚያዎች አስቀድመው ይታዩ።

3ኛ/ ሁል ጊዜ በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና አልንቀሳቀስ ያለ እንደሆነ። እንደ ዲፌንደር ያሉት መኪናዎች በትራንስፈሩ ውስጥ ኃይሉን በፊትና በኋላ የሚያመዛዝን ሌላ ዲፈረንሻል አላቸው። ከሁለቱ አንዱ ወገን ዘንጉ ተሰብሮ ወይም ሳይገጠም ቀርቶ እንደሆነ፥ ኃይሉ ሁሉ በዚያው በኩል ባክኖ መኪናው ይቆማል። የመካከለኛው ዲፈረንሻል ሲቆለፍ መኪናው የተንቀሳቀሰ እንደሆነ፥ ከትራንስፈሩ በፊት ዘንጎቹ መመርመር አለባቸው።

4ኛ/ መሪው ከብዶ፥ መኪናው ሲዞር እየተንገጫገጨ፥ ማርሹም አልወጣ ያለ እንደሆነ። ይህ በደረቅ አስፋልት ላይ በአራት ጎማ መጎተቻው የተነዳ መኪና ጠባይ ነው። ሲዞር የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ስለሚሄዱና ትራንስፈሩ ሁለቱን ወገን አንድ ላይ አስሮ ስለያዛቸው፥ ልዩነቱ በጎማ መንሸራተት ካልተቃለለ በጥርሶቹ ላይ ይከማቻል። መኪናው ጥቂት ሜትር ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ቢሄድ ውጥረቱ ይላላል።

ቀጥ ባለ መንገድም ይኸው ከታየ ጎማዎቹ ይለኩ። ጎማው መሬት በነካበት ላይ ምልክት ተደርጎ መኪናው አንድ ሙሉ ዙር ይነዳና በመሬቱ ላይ ያለው ርቀት በሜትር ይለካል። በአንድ ዙር 2.5 ሜትር የሚሄድ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር 400 ጊዜ ይዞራል። የፊትና የኋላ ጎማዎች በአንድ ዙር በ2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢለያዩ፥ በአንድ ኪሎ ሜትር 8 ሜትር ይለያያሉ። አዲስ ጎማ በፊት፥ ያለቀ ጎማ በኋላ መግጠም ትራንስፈርን የሚሰብረው በዚህ ምክንያት ነው። የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል የጥርስ ልክ የተለያየ እንደሆነም ጉዳቱ ከዚህ እጅግ ይከፋል።

5ኛ/ ድምፅ፥ ሙቀትና የዘይት መፍሰስ። የሚያስፈልገው የዘይት ዓይነት ከሳጥን ሳጥን ስለሚለያይ፥ በፋብሪካው መጽሐፍ የታዘዘው ብቻ ይደረግ። መኪናው በደልዳላ መሬት ቆሞ ዘይቱ እስከ መሙያው ቀዳዳ የታችኛው ከንፈር መድረስ አለበት። አሮጌው ዘይት ከመፍሰሱ በፊት የላይኛው ብሎን መፈታቱ ቢረጋገጥ ይሻላል፤ ኋላ አልፈታም ያለ እንደሆነ ሳጥኑ ባዶ ይቀራልና። የሳጥኑ መተንፈሻ በጭቃ የተደፈነ እንደሆነ በሙቀት የበዛው አየር ዘይቱን በማገጃዎቹ በኩል ይገፋዋል፤ የጋለ ሳጥን ወንዝ ሲሻገርም ውሃ ይስባል። ወተት የመሰለ ዘይት የውሃ ምልክት ነው። ከፍጥነት ጋራ የሚጨምር መንቀጥቀጥ የመጣ እንደሆነም፥ የዘንጎቹ ሁለት ጫፎች በፊት እንደ ነበሩ ትይዩ ሆነው መገጠማቸው ይታይ።

በመጨረሻም፥ የተሰበረው አሮጌ ሳጥን ሳይመረመር መጣል የለበትም። በዘይት እጦት የተቃጠለ ጥርስ ይጠቁራል፤ ውሃ የገባበት ይዝጋል። የመጀመሪያውን የሰበረው ምክንያት ካልተወገደ ሁለተኛውንም መስበሩ አይቀርም። ይህን ምርመራ በበጋ የፈጸመ ባለ መኪና፥ የዘር ጊዜ ሲደርስ መኪናውን በጭቃ ውስጥ አቁሞ በሬ ለመለመን አይገደድም።