ርቦኛል በእንግሊዝኛ

ማታ ማታ ቤት ውስጥ ልጅ እንግሊዝኛ ያጠናል። በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ነው። ቋንቋው ያልገባው ልጅ ሌላውም ትምህርት ያመልጠዋል። እናትና አባት ግን «እኛ ምን እናውቃለን» ብለው ዝም ይላሉ። ዝም አትበሉ። የምትናገሩት አማርኛ ራሱ ልጁን ይረዳዋል። ዛሬ ሁለት ነገር እናያለን። አንዱ ቅጽል ነው። ሌላው የቅርብ ኃላፊ ጊዜ ነው።

ቅጽል ስምን ይገልጣል። «ጥቁር በሬ» ስንል «ጥቁር» የሚለው ቅጽል ነው። እንግሊዝኛውም እንደ እኛው ቅጽሉን ያስቀድማል፤ «ብላክ ኦክስ» ይላል። በሬዎቹ ሲበዙ እኛ «ጥቋቁር በሬዎች» እንላለን። እንግሊዝኛ ግን ቅጽሉን አያበዛም። በሬው አንድም ይሁን አሥር፣ «ብላክ» ያው «ብላክ» ነው። ይህ ቀላል ነው፤ እንለፈው።

ጭንቁ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። «በላ» እና «በልቷል» አንድ አይደሉም። «በላ» ስንል ነገሩ አለፈ። «በልቷል» ስንል ግን መብላቱ ቢያልፍም ጉዳዩ ገና አላለፈም፤ አሁን ሆዱ ውስጥ ምግብ አለ። ይህ የቅርብ ኃላፊ ጊዜ ነው። እንግሊዝኛው «ሂ ሃዝ ኢተን» ይላል።

እስቲ እንዲህ እንበል። አንድ ልጅ ቀዶ ጥገና ሊደረግለት ነው። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው። «ሃዝ ሂ ኢተን?» ብሎ ይጠይቃል። በልቷል ወይ? ማለቱ ነው። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ሰው በማደንዘዣ ሲተኛ በሆዱ ያለው ምግብ ወደ ላይ ተመልሶ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ይህ ሊገድል ይችላል።

የሚያስተረጉመው ተማሪው ወንድሙ ነው። እናት «ኧረ ርቦታል! ከትናንት ማታ ወዲህ አልቀመሰም» ትላለች። እንግዲህ «በልቷል» እና «ርቦታል» በአማርኛ ሁለቱም የቅርብ ኃላፊ ናቸው። ስለዚህ ተማሪው «ርቦታል» የሚለውንም «ሂ ሃዝ» ብሎ ይጀምረዋል። ሐኪሙ ደግሞ «ሂ ሃዝ» ሲባል «አዎ፣ በልቷል» ማለት ይመስለዋል። በቋንቋው እንደዚያ ነዋ! ቀዶ ጥገናው በከንቱ ይዘገያል።

እንግሊዝኛ ረሃብን የሚናገረው በቅጽል ነው። «ሂ ኢዝ ሃንግሪ» ይላል፤ «እሱ የተራበ ነው» እንደ ማለት ነው። ድካምና ጥማትም እንደዚሁ ናቸው። «ደክሞኛል» ለማለት «አይ አም ታየርድ»፣ «ጠምቶኛል» ለማለት «አይ አም ተርስቲ» ይባላል። እኛ በግስ የምንለውን እነሱ በቅጽል ይሉታል።

ሌላም ወጥመድ አለ። «ትናንት በልቷል» ብንል በአማርኛ ያስኬዳል። በእንግሊዝኛ ግን ትናንት፣ «የስተርዴይ»፣ ከተባለ «ሃዝ» ይቀራል። «ሂ ኤይት የስተርዴይ» ነው የሚባለው። እኛም ስንማር እዚህ ላይ ስንት ጊዜ ተሳስተናል!

ዛሬ ማታ ልጁን ጠይቁት። «ላሟ ወልዳለች» በሉት። በ«ሃዝ» ነው ወይስ በቅጽል? ቀጥሎ «ላሟ ጠምቷታል» በሉት። ሁለቱን ከለየ «ላሟ ትናንት ወልዳለች» በሉትና «ሃዝ»ን ይተው እንደሆነ አዳምጡ።