ከሪትሙ ስም በኋላ

በሸዋ ሮቢት ሙቀት ኢ.ሲ.ጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምልክት ቅጂ) ከማንሳት በፊት የደረትን ላብ መጥረግ ግድ ነው። ቆዳው ካልደረቀ ኤሌክትሮዱ ይንሸራተታል፤ መስመሩም ይንቀጠቀጣል። ማሽኑ ይህን አይቶ ወረቀቱ አናት ላይ «ኤትሪያል ፊብሪሌሽን» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ የልብ የላይኛው ክፍል ሥርዓቱን ስቶ ሲርገበገብም መስመሩ በደቃቁ ይንቀጠቀጣልና። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሳይ ጣቴን ሕመምተኛው የእጅ አንጓ ላይ አሳርፋለሁ። ትርታው ሳይዛነፍ እኩል የሚሄድ ከሆነ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የላቡ ነው።

የለመድናቸው ማሽኖች የሚያነቡት ሰው በጻፈላቸው ደንብ ነው። አዲሶቹ ፕሮግራሞች ግን ሐኪም ካነበባቸው ብዙ ምሳሌዎች ራሳቸው ይማራሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ከ53,549 ሰዎች በተወሰዱ 91,232 ቅጂዎች ያሠለጠኑት ፕሮግራም 12 ዓይነት ሪትሞችን (የልብ አመታት ሥርዓቶችን) በመለየት ከልብ ሐኪሞች አማካይ ውጤት በልጧል። ለእኛ ኑሮ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የብራዚሏ ሚናስ ዤራይስ ነው። እዚያ በትንንሽ ከተሞች የተነሣ ኢ.ሲ.ጂ በቴሌሄልዝ መረብ ሩቅ ላለ ሐኪም ይላካል፤ ከዚያ መረብ ከ2 ሚሊዮን በላይ ምርመራዎች የተማረ ፕሮግራምም በ2020 ይፋ ሆኗል። የልብ ስፔሻሊስት ፍለጋ ጣርማበርን መሻገር ላለበት የይፋት ገበሬ እንዲህ ያለ አንባቢ ትልቅ እገዛ ነው።

ሆኖም የሪትሙን ስም ማወቅ ብቻውን አይበቃም። በሀብታም አገሮች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለው የምት መዛባት በአብዛኛው የሽማግሌዎች ሕመም ነው። እኔ ግን «ልቤ ድው ድው ይላል፣ ዳገት አቃተኝ» በምትል ወጣት እናት ላይም እፈልገዋለሁ። በልጅነቷ ጉሮሮዋን የታመመችው ሩማቲክ ትኩሳት አስከትሎ የልቧን በር አጥብቦት ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ለሽማግሌውም ለእሷም አንድ ስም ይሰጣል፤ መድኃኒታቸው ግን ይለያያል። በ2022 የታተመው ኢንቪክተስ የተባለ ጥናት፣ ሩማቲክ የልብ ሕመም ላለባቸው የዚህ መዛባት ታማሚዎች ደም እንዳይረጋ ከሚሰጡት መድኃኒቶች ሞትን በመቀነስ ነባሩ ዋርፋሪን ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን እንደሚሻል አሳይቷል። ዋርፋሪን ደግሞ በየጊዜው የደም ምርመራ ይጠይቃል። ስለዚህ ከማሽኑ ንባብ በኋላ ደረትን ማዳመጥ፣ የልጅነት ሕመምን መጠየቅ፣ ለልብ አልትራሳውንድ መላክ ይቀራል።

ፕሮግራሙ የእኛን ሕመምተኞች እንዲያውቅ ከተፈለገ የሚማርበትን ማስቀመጥ የእኛ ፈንታ ነው። የኢ.ሲ.ጂ ወረቀት በሙቀት የሚታተም በመሆኑ ካርድ ውስጥ ሲቆይ ይደበዝዛል። ከቅጂው ላይ የሕመምተኛውን ስም አስወግዶ፣ ከአልትራሳውንዱ ውጤት ጋር አጣምሮ በኮምፒውተር ማስቀመጥ ፕሮግራሙ እስኪመጣ አይጠብቅም።